የሌላ ወንዝ ድምፅ

«ፊልም ማን አስተማረሽ?» ብለው ሲጠይቋት፣
የባዕድ አገር ሊቅ ስም ሲጠብቁባት፣
ሩሱዳን ትላለች፦ «አክስቴ ፂሳና፣
የገመድ ሳጥን ላይ በር ዘጊ ነበረችና።»

ይስቃሉ። እኔ አልስቅም፤ አውቃታለሁ።
ማይክ ተሸክሜ አምስት ዓመት ተከትያታለሁ።

ከተማችን ቺያቱራ ገደል ላይ ተሰፍታ፣
ሰዎቿን በሽቦ ጧት ማታ ጎትታ
ወደ ማንጋኒዝ ጉድጓድ የምታወጣ ነበረች።
ያቺ የብረት ሳጥን እየተንቋቋች
ሸለቆውን ስትሻገር፣ መስኮቷ ክንድ ከስንዝር፣
ሩሱ ግንባሯን ተክላ፣ ትንፋሿ መስታወቱ ላይ ሲሰፍር፣
ዓለም ከግራ ወደ ቀኝ ሲንፏቀቅ ታያለች፤
ጣሪያ፣ የልብስ ገመድ፣ ዶሮ ያባረረች
አንዲት ሴት፣ እጇን እንደዘረጋች — ጭጋግ፤ አይታይም።
ዶሮዋ ተያዘች? ሳጥን ለማንም ብሎ አይቆምም።
ዛሬም ፊልሟ ሁሉ እንዲያ ነው የሚቆረጥ፣
እጅ ተዘርግቶ፣ ዶሮ ገና ሳይጨበጥ።

ኋላ ሠርግ ቀራጭ ሆና ዞረች መንደር ለመንደር፤
ለቀኑ መቶ ላሪ፣ ራት በነጻ፣ ማደሪያ የመኪና ወንበር።
ኬክ ሲቆረስ፣ አጋፋሪው ዋንጫ አንስቶ ሲመርቅ፣
ሙሽሮቹ የከፈሉበትን ሰጥታ፣ ትርፉን ለራሷ ስትሰርቅ፦
ጥግ ላይ ጫማውን አውልቆ እግሩን የሚያሽ አጎት፤
ለጭፈራ ማንም ያልጠራት ልጅ፣ ሹካዎቹን ስትቆጥር በጣት።
«ትምህርት ቤቴ ይሄ ነው» አለችኝ፣ ቁርጥራጩን እያሳየችኝ።
አርባ ሰዓት ነበር። እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ቀሰቀሰችኝ።

ከዚያ የራሷን ሠራች። አሥራ አንድ ደቂቃ።
ካሜራዋ የውሰት፣ በላስቲክ የታሰረች ዕቃ።
አክስቷ ፂሳና፣ ሳጥኖቹ ከቆሙ ወዲህ
ሥራ ፈታ፣ የበሩን ቁልፍ ካንገቷ ሳታወልቅ፣ እንዲህ
ዝም ብላ፣ ወንዙ ዳር። ሌላ ምንም የለበት።
ነፋስ ግን ያን ቀን ማይኬን ገባበት፤
ስንሰማው ፉጨት ብቻ። የመታያው ቀን ደግሞ ነገ።
እኔ ምን ላድርግ?
ከድምፅ ማከማቻ የሌላ አገር ወንዝ ሰረቅኩ፣
ጥርት ያለ፣ የሚንፎለፎል። ለሷም አልነገርኩ።

በባህል ቤቱ ታየ። ሰባት ሰው፤ አንዱ ዘበኛው።
መብራት በራ። ጭብጨባው ቶሎ አለቀ፤ የይሉኝታ ነው።
ከኋላ ወንበር ቫዣ የሚሉት፣ የድሮ ማዕድን ቆፋሪ፣
ሳሉን ጨርሶ ተነሳ፦ «ሴትዮዋ እውነት ናት፤ ወንዙ ግን አይደለም የዚህ ነዋሪ።
ይሄ ንጹህ ውሃ ነው፤ ድንጋይ ላይ ይስቃል።
የኛዋ ቅቪሪላ ጥቁር ጭቃ ውጣ ነው የምታልፍ፤ ማንም ያውቃል።
አርባ ዓመት ጉሮሮዋን እየሰማሁ ነው ሥራ የወጣሁት።»
መሬት ቢከፈት በወደድኩ። ወንበሩን ጨበጥኩት።

ሩሱ ወደኔ ዞረች። የጠበቅኩት ስድብ ነበር፤
እሷ ግን ካፖርቷን እያነሳች ለሽማግሌው፦ «ያሳዩን። የት ጋ ነው? የቱ ዳር?»

በዚያው ሌሊት ወረድን፤ ሦስታችን፣ ባትሪ ይዘን፣
ማይኩን በቫዣ የሱፍ ካልሲ ሸፍነን።
በከዘራው ጠቆመ፦ «እዚህ»፤ ከድልድዩ ሥር።
ጎንበስ ብዬ ያዝኩ፣ ጉልበቴ ደንዝዞ ጣቴ እስኪታሰር።
መጀመሪያ ምንም። ከዚያ አንድ ነገር፣ ሰው ምራቁን ሲውጥ፣
ወፍራም፣ ዝግ ያለ፤ ሊናገር ብሎ ሲተወው፣ እንደገና ሲያላምጥ።
ሩሱ ጨለማው ውስጥ እጄን ያዘች፤ «አትንቀሳቀስ።»
አልተንቀሳቀስኩም፣ ባትሪው እስኪጨርስ።

አሁን ሌላ ጀምራለች፤ ገንዘቡ እንደ ልማዱ የለም።
ቅዳሜ ኩታይሲ ሠርግ አለ፣ ሁለት መቶ ሰው፤ መቅረት አይሆንም።
ቫዣ በጋ ሳይገባ ሞተ። ካልሲው እኔ ጋ ነው።
አላጠብኩትም። ማይኩን ዛሬም የማለብሰው እሱን ነው።